ወዳጆቼ የፈተሹልኝ ድረ ገጽ

የሚወዱኝ ሰዎች አልጋ ቤቴን ሊያዘጉኝ ትንሽ ነበር የቀራቸው። በክፋት እንዳይመስላችሁ። በዚህ ወሬ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም፤ እኔን ጨምሮ። ወይ እኔን ሳይጨምር ልበል መሰለኝ፤ ስጨርስ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

መቱ ላይ፣ ወደ ጎሬ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ባለ ዘጠኝ ክፍል አልጋ ቤት አለኝ። "አለኝ" ማለቴን ሚስቴ ጫልቱ ብትሰማ ታርመኛለች፤ ቤቱ የአባቷ ነው። የእኔ ድርሻ ስም ማውጣት ነበር። "የፏፏቴ ዕይታ ማረፊያ" ብዬ ሰየምኩት። የሶር ፏፏቴ ከእኛ ቤት ይታያል ማለቴ አይደለም። እሱን ለማየት መኪና መሳፈር፣ ከዚያ ጫካውን በእግር መውረድ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ መልሶ መውጣት ያስፈልጋል። ከግቢያችን የሚታየው ፏፏቴ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዝናብ በጣለ ቁጥር ከእትዬ ሙሉ ጣሪያ ወደ እኛ የሚወርደው ነው።

እትዬ ሙሉ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸውም አልጋ ቤት አላቸው። አሸንዳ ያሠሩ፣ አላሠራም በሚል ከተኳረፍን ሁለት ዓመት አልፎናል። ኢሉባቦር ውስጥ በዝናብ ምክንያት መኳረፍ ማለት ዓመቱን ሙሉ መኳረፍ ማለት ነው። ቢሆንም አስተዳደጌ ነውና አንቱታውን አልተውኩም። የተኳረፍን ዕለት እንኳ ስጮህባቸው፣ "እርስዎ ሰው አይደሉም" ነው ያልኳቸው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ስልኬ ላይ የምከታተለው አንድ የቴሌግራም ገጽ ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ትንንሽ ነጋዴ የቴክኖሎጂ ወሬ ያቀርባል። እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ከከበደ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ አነባለሁ። በዚህ ብቻ ሳላስበው የሰፈሩ የቴክኖሎጂ አዋቂ ሆንኩ። የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ድሪባ አንድ ቀን ዝም ያለ ሬዲዮ ይዘውልኝ መጡ። ባትሪው አልቆ ነበር፤ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲያ ስሜ ገነነ፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ታዲያ ገጹ በየሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ የሌለ ድርጅት እንደሌለ ይቆጠራል እያለ ሲያስፈራራኝ ከረመ። ጫልቱን አማከርኳት። ጫልቱ የራሷ ጉዳይ ነበራት። አንድ ቡና ነጋዴ ቤቱን ለመጋዘን ፈልጎ ደጅ እየጠናት ነበር።

"እስከ ፋሲካ እጠብቅሃለሁ" አለችኝ። "እስከዚያ በኢንተርኔትህ ይሁን በጸሎትህ ክፍሎቹ ሰው ካላገኙ፣ ከፋሲካ በኋላ ለቡናው እሰጠዋለሁ። የአባቴ ቤት ለአይጥ ባዶውን አይቀመጥም።"

ጫልቱ እሰጣለሁ ካለች ትሰጣለች። እኔ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከዚህ ቤት ሌላ ሥራ አላውቅም። የቡና ጆንያ በር ላይ ተቀብሎ "እንኳን ደህና መጣህ" አይባልም።

ሌንሳን አገኘኋት። ሌንሳ ኮምፒውተር የምታስተምር፣ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ ለሱቆችና ለሆቴሎች ድረ ገጽ የምትሠራ ብርቱ ሴት ናት። የተጨቃጨቅነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ሙሉ ልብስ ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ፊተኛው ገጽ ላይ እንዲሆን ፈለግኩ። እሷ "ጋሼ፣ እንግዳ ማየት የሚፈልገው አልጋውን ነው" አለች። በመጨረሻ ተስማማን፤ ሙሉ ልብሴን እንደለበስኩ አልጋው ላይ ተቀምጬ ተነሳሁ።

ገጹ ተሠርቶ ሲያልቅ ሌንሳ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

"ለሕዝብ ከመክፈታችን በፊት መፈተሽ አለበት" አለች። "ዘጠኝ አሥር ሰው ይጥሩ። እንዲያደንቁ አይደለም የምፈልጋቸው፤ እንዲያበላሹት ነው። የተሳሳተ ስልክ ይጻፉ፣ ክፍል ይያዙ፣ ይሰርዙ፣ ደግመው ይያዙ። ያገኙትን እንከን ሁሉ እዚህ ላይ ይጻፉ። ስትጨርሱ ለሙከራ የያዙት በሙሉ መሰረዝ አለበት። ይሄኛውን አደራ፣ ጋሼ።"

"በእኔ ይሁንብሽ" አልኳት። እንደኔ በእኔ ይሁን የሚል ሰው መቱ ውስጥ የለም።

እሁድ ከእድር ስንበተን ዘጠኝ ወዳጆቼን ይዤ ቤት ገባሁ። የመጀመሪያው ስህተቴ ፍየል ማረዴ ነው። ሰው ፍየል አርዶ ካበላህ በኋላ ቤቱ ጠማማ ነው ትለዋለህ? እነሱም እጃቸውን ታጥበው ስልካቸውን አወጡ፤ ፈተናው ተጀመረ።

ከበደ ፀጉር አስተካካዩ የተሳሳተ ስልክ ቁጥር ጻፍ ሲባል ፊቱ ተለዋወጠ። "እኔ ለሰው የውሸት ስልክ ሰጥቼ አላውቅም" ብሎ የራሱን ሁለት ቁጥሮች፣ እንዳይበቃ ብሎ የሚስቱንም ጨመረበት። ኦቦ ድሪባ ደግሞ ስልካቸውን ክንዳቸው እስከሚደርስ ድረስ አርቀው ይዘው ጠየቁኝ።

"ስንት ቀን ልያዝ?"

"ለሙከራ ነው ኦቦ ድሪባ፣ አንድ ቀንም ይበቃል።"

"አንድ ቀን? ላንተ?" አሉና አዘኑብኝ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ታች ጎተቱ፣ ጎተቱ፣ ከዕለቱ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ ያዙ። ወሩ ጥር ነበር።

ይህን ያየ ወዳጅ ሁለት ቀን ይዞ ይቀመጣል? ከበደ ሁለት ሌሊት ብሎ የጻፈውን ቶሎ አጥፍቶ እስከ ፋሲካ ማግስት አደረገው። የቀሩትም እንደዚያው። ከዘጠኙ አንዱ ንፉግ ተባልኩ ብሎ እንዳያድር በዓይን ተፈላልገው ሁሉም ክፍል በሁሉም ቀን ተያዘ። ልቤ በደስታ ሞላ። ይህን ያህል የምወደድ ሰው ነኝ ለካ ብዬ ለጫልቱ ልነግራት ወደ ጓዳ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እሷ ሳህን እያጠበች፣ "ሙከራ አልነበር እንዴ?" ከማለት ሌላ ያለችኝ የለም።

"አሁን ደግሞ 'ሰርዝ' የሚለውን እንጫን" አልኩ።

ኦቦ ድሪባ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ደፉት። "ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ገና በሩ ያልተከፈተ ቤት ላይ ሰርዝ ብዬ እጄን አላነሳም። ሟርት ነው።"

ስምንቱም ስልካቸውን እንደሳቸው ደፉ። እንዴት አድርጌ ላስገድዳቸው? ደግሞም እውነቱን ለመናገር ነገሩ ለእኔም ደስ አላለኝም። ሙከራ ሙከራ ነው፣ አይቆጠርም ብዬ ተውኩት። የሠርግ ልምምድ ላይ ቀለበት ያጠለቀ ሰው አገባ ይባላል እንዴ?

ወረቀቱን ሰበሰብኩ። "እንከን" በሚለው ሥር፣ "የለም"፣ "የለም"፣ "እግዚአብሔር ይባርከው"፣ "የለም" ይላል። አንዱ ብቻ "ጨው በዝቷል" ብሎ ጽፎ፣ መልሶ ሰርዞታል። ያን ቀን የተሰረዘው ነገር እሱ ብቻ ነው። ከታች "የሙከራው ሁሉ ተሰርዟል?" የሚል ጥያቄ ነበር። ለሌንሳ ወዳጆቼ ሟርት ፈሩ ብሎ ማስረዳት ከበደኝና "አዎ" ብዬ ፈረምኩ። በስልክም ደግማ ጠየቀችኝ። "ሁሉም ተሰረዘ ጋሼ?" "ሁሉም" አልኳት። ውሸቴን ስዋሽ ድምፄ እንዴት እንደሚያምር።

ገጹ ተከፈተ። በየማለዳው ስልኬን ከፍቼ ፊተኛውን ገጽ አያለሁ። አልጋዬ ላይ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ተቀምጫለሁ። አምሮብኛል። ክፍል የያዘውን ሰው የሚያሳየው የአስተዳዳሪው ገጽ ግን የይለፍ ቃል ይፈልጋል። ሌንሳ ስትሰጠኝ፣ "ይጻፉት ጋሼ" ብላኝ ነበር። የቴክኖሎጂ ሰው ይጽፋል እንዴ? በቃሌ ያዝኩት። በማግስቱ ጠፋኝ። ጠፋኝ ብሎ መደወል ደግሞ ከስሜ ጋር አልሄድልህ አለኝና ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ።

ጥር አለቀ፤ እንግዳ የለም። የካቲትም እንደዚያው። የድሮ ደንበኞቼ የሆኑ ሾፌሮች እንኳ በራችን ላይ ቀስ ይሉና፣ ስልካቸውን አየት አድርገው፣ በአዘኔታ እጃቸውን አውለብልበውልኝ ወደ እትዬ ሙሉ ይገባሉ። የእትዬ ሙሉ ግቢ መኪና አልበቃው አለ። እኔ አሸንዳውን ትቼ መድኃኒት ሳያስደርጉብኝ አልቀሩም ብዬ መጠርጠር ጀመርኩ።

የሚገርመው የወዳጆቼ ነገር ነው። ባገኙኝ ቁጥር ፊታቸው ይበራል። ከበደ ፀጉሬን እየቆረጠ፣ "ይኸው አልኩህ፣ ሞላልህ" ይለኛል። ሌላው ከመንገድ ማዶ፣ "ባጋ ገመዴ" ብሎ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። እኔ ምኞት መስሎኝ "አሜን" እላለሁ። ቤት ስገባ ዘጠኝ በር፣ አንድም ጫማ የለም።

መጋቢት ላይ ቡና ነጋዴው ሜትር ይዞ መጣ። ስድስተኛው ክፍል ውስጥ ስንት ጆንያ እንደሚቆም ለካ። ጫልቱ ምንም አላለችኝም። ቢያንስ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጠዋት ፍራሾቹን አንድ በአንድ እያወጣች በረንዳ ላይ መደርደር ጀመረች። እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ አገዝኳት። አፈርኩ። የአባቷን ቤት እምነት ጥላብኝ ብትሰጠኝ ባዶውን መለስኩላት።

በዚህ መሀል የግቢው በር ተንኳኳ። ዝናቡን በጃንጥላ የተከለሉ እትዬ ሙሉ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን በር ረግጠው አያውቁም።

"እንደምን አደራችሁ" አሉ፤ ፍራሾቹን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ዘጠኙም ክፍል ሙሉ ነው የምትለው ማንን ይዘህ ነው?"

"ማን? እኔ?"

ስልካቸውን ሰጡኝ። የእኔው ገጽ ነው። ቀን መርጠው ነበር፤ ከሥሩ በቀይ "ሁሉም ክፍሎች ተይዘዋል" ይላል። ሌላ ቀን መረጡ። ተይዘዋል። የፋሲካን ዕለት መረጡ። ተይዘዋል።

"እኔ ዘንድ የሚያድረው ሁሉ መጀመሪያ አንተን ፈልጎ ነው" አሉ። "ጎረቤታችሁ ሙሉ ሆኖ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ በአጥሩ ሳይ ግቢህ ውስጥ ዶሮ እንጂ ሰው የለም። እስከዛሬ ዝም ያልኩት ጥቅሜ ስለሆነ ነው፤ አልዋሽህም። አሁን ግን ጫልቱ ፍራሽ ስታወጣ አየሁ። አጥሬ ላይ የቡና መጋዘን አልፈልግም፤ አቧራውን ማን ይችለዋል። ደግሞ የአባቷን ቤት አውቀዋለሁ።" ትንሽ አሰቡና ቀጠሉ። "አንዲት እንግዳም ሰውዬው ከአልጋው ጋር ነው ወይ የሚከራየው ብላ ጠይቃኛለች። ፎቶውን አውርደው።"

ጫልቱ ፍራሹን ለቀቀችው። እኔ ላይ ወደቀ።

ለሌንሳ ደወልኩላት። "ጋሼ፣ ሁሉም ተሰርዟል ብለውኝ ነበር እኮ" አለችኝ። "እሺ፣ የአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ገብተው ይሰርዟቸው።" ስለ ኔትወርኩ መበላሸት አወራሁላት። "የይለፍ ቃሉ ጠፋብዎት?" ሚስቴና የሁለት ዓመት ኩርፈኛዬ ጆሯቸውን አቁመው ባሉበት፣ "ከጥር ጀምሮ" አልኩ። ሌንሳ አዲስ ላከችልኝ። ጫልቱ ወረቀት አምጥታ ጻፈችው።

ገባሁ። ዘጠኙም ወዳጆቼ በስም በስማቸው ተደርድረው አልጋዎቼ ላይ ተኝተዋል። ከላይ ኦቦ ድሪባ ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ "ሰርዝ" የሚለውን ተጫንኩ። "ቆይታዎ በአንድ ወር ተራዝሟል፤ ስለመረጡን እናመሰግናለን" የሚል ጽሑፍ መጣ። አልገባኝም። ደግሜ ተጫንኩ። ተራዘመ። ሦስተኛ ጊዜ ስጫነው ኦቦ ድሪባ እስከ ሐምሌ ድረስ እንግዳዬ ሆኑ።

ሌንሳ በስልክ ሰምታ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ አፈረች። "ሰርዝ" እና "አራዝም" የሚሉት ቁልፎች ውስጥ ውስጡን ተቀያይረውባታል። "የእኔ ጥፋት ነው" አለች። "ግን ጋሼ፣ አንድ ሰው እንኳ ያን ቀን ተጭኖት ቢሆን በደቂቃ አየው ነበር። እንዲፈተሽ የለመንኩት ለዚህ ነው።" ላስተካክለው፣ አንድ ሰዓት ጠብቁኝ አለች።

ሰዓቱ ሳይሞላ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ኦቦ ድሪባ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ጋቢ የተጠቀለለበት ጥቅል ይዘዋል። ለካ ቆይታቸው በተራዘመ ቁጥር ገጹ ስልካቸው ላይ መልእክት ይልካል።

"ሦስት ጊዜ ጠራኸኝ" አሉ፣ እያለከለኩ። "ሦስት ጊዜ የተጠራ ሰው ይቀራል? እስከ ሐምሌ መቆየት ግን የሚሆንልኝ አይመስለኝም፤ በቆሎዬን የሚዘራልኝ የለም።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለሰው የምናገረውን ሁሉ ቀባብቼ ነበር የምናገረው። እዚያ በረንዳ ላይ ፍራሽ ላይ አስቀመጥኳቸውና እንዳለ ነገርኳቸው። ቤቱ ሙሉ እንዳልነበረ። ለሌንሳ የዋሸሁት እኔ መሆኔን። በወዳጅነት የያዙት አልጋ እንግዳ እንደመለሰብኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቱ መጋዘን እንደሚሆን። ስናገር ድምፄ አላማረም።

ኦቦ ድሪባ ጥቅላቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። "እኛ እኮ ሙሉ ነው ሲል ደስ ብሎን ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ማታ ማታ እየከፈትኩ አየው ነበር።"

ሌንሳ አስተካክያለሁ ብላ ስትደውል ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ። ቆሙ። ቤቱን መረቁ፣ ጫልቱን መረቁ፣ ነፍሳቸውን ይማርና አማቴን መረቁ፣ ከዚያ ተጫኑት። ተሰረዘ። ወዲያው ለስምንቱ እየደወሉ፣ "መርቃችሁ ሰርዙ" አሏቸው። ከበደ ሰው እየላጨ ነበር አሉ፤ ሰውየውን በግማሽ ጢሙ ትቶ ሰረዘልኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቤተሰብ ሶርን ሊያይ መጥቶ ሦስት ክፍል ያዘ። በሆሳዕና ሰባት ክፍል ሰው ነበረው። ጫልቱ ፍራሾቹን አንድ በአንድ መለሰቻቸው፤ ለቡና ነጋዴውም ሌላ ቤት ፈልግ አለችው። የእኔን ፎቶ ከገጹ ያወረደችው ራሷ ናት፤ አሁን አልጋው ብቻውን ነው ያለው።

ከፋሲካ በኋላ እትዬ ሙሉ አስጠሩኝ። ሄድኩ። ሻይ ቀርቦልኛል፤ አሸንዳውም ተሠርቷል፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

"እኔም በሌንሳ ድረ ገጽ አሠርቻለሁ" አሉኝ ስልካቸውን እያቀበሉኝ። "አንተ በደረሰብህ የተማርክ ሰው ነህ። ፈትሽልኝ። ሳታፍር።"

ከፈትኩት። ያምራል። ገና ከላይ፣ በትልቁ የተጻፈው ስልክ ቁጥራቸው ላይ ግን አንድ አኃዝ ጎድሏል። ወዲያው ነው ያየሁት። ማንም ሰው ደውሎ እንደማያገኛቸው ገባኝ። እኚህ ሴት በዝናብ መጥተው ቤቴን እንዳዳኑልኝም ትዝ አለኝ። ሻያቸው እጄ ላይ ነው፤ ስኳሩንም አብዝተውልኛል። አፌን ከፈትኩ።

"በጣም ያምራል እትዬ ሙሉ" አልኩ። "ምንም አይወጣለትም።"

እትዬ ሙሉ ስልካቸውን ከእጄ ወሰዱ። አልተቆጡም። "ቁጥሩን ሆን ብዬ ነው ያስጎደልኩት" አሉ። "ለኦቦ ድሪባ አሳየሁ፤ ያምራል አሉ። ከበደም ያምራል አለ። አንተ ግን ትነግረኛለህ ብዬ ነበር።"

ሻዬን አስቀመጥኩ። የምገባበት ጠፋኝ።

"በል ተነስ" አሉኝ። "ሚስትህን ጥራልኝ።"

ጠራኋት። ጫልቱ ሻሿን አስራ ሄደች። እኔ ግቢዬ ቆሜ ነበር። ገና የተቀመጠች አይመስለኝም፣ "ይሄ ስልክ እኮ አንድ ቁጥር ጎድሎታል" ስትል በአጥሩ ማዶ ሰማኋት።